መሐንዲሷ የጻፈቻት አንዲት መስመር

ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። እውነት ነው። መሐንዲሷ አልሞተችም፣ የትም አልሄደችም፣ ስለዚህ ማንም አላመሰገናትም። እናቷ ካረፉ በኋላ የተከራየችውን ቤት ለቃ አባቷ ዘንድ ገባች። መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ሸሚዛቸውን ትተኩሳለች፣ ማታ ማታ የሚያቃጥላቸውን እግር ታሽላቸዋለች። ምርቃቱና ሙገሳው ግን የሚሄደው ለታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ የሚኖረው በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሲሆን በዓመት አንዴ ሽቶውን ተቀብቶ ብቅ ይላል። ሽማግሌው እሱን ሲያነሱ «ጀግናዬ» ነው የሚሉት። እሷን ሲጠሩ «አንቺ» ይላሉ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ «መሐንዲሷ»፣ እሱም ግማሹ ፌዝ ነው።

መሐንዲስም አይደለች እኮ። የአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የኔትዎርክ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ እየወጣች እየወረደች የሰው ኢንተርኔት ስትጠግን ትውላለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር በገዛ እጇ የሠራችው አንድ ሳጥን አለ። ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት ሁሉ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ፋየርዎልም እዚያው ነው፤ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ በሉት። ስም ፍለጋውም የሳጥኑ ሥራ ነው። ኮምፒውተርና ስልክ የሚግባቡት በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ስልክ የትም ከመሄዱ በፊት «የዚህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በዚያ ቤት ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሳጥኑ ነበር። ሳጥኑ ደግሞ የእሷ ነው። በዚህች ምድር ላይ «የኔ» የምትለው ነገር ቢኖር እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያበላሸው የወንድምየው የመጨረሻ አመጣጥ ነው። ምሳ ላይ ተቀምጠው እያለ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር፣ ለአባቱ አንድ ክፍል ማዘጋጀቱን ተናገረ። ፀሐይ የሚገባው ክፍል ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ልጆቹም አያታቸውን ይፈልጋሉ፣ ለምን እሱ ጋ መጥተው አይኖሩም? መሐንዲሷ አባቷን አየቻቸው። እምቢ ይላሉ ብላ ነበር። ሽማግሌው ግን አገጫቸውን እያሻሹ «እስቲ ላስብበት» አሉ። አስቡት እንግዲህ! እሷ ስንት ዘመን ያሸችው እግር በአንድ ምሳ ተነሥቶ ሊሄድ ነው። ተነሥታ ሳህን ሰበሰበች።

ይህ አልበቃ ብሎት፣ ከምሳ በኋላ ወንድምየው የአባቱን ስልክ ተቀበለና ይነካካ ጀመር። ስልኩ የሚንቀራፈፈው ስሞቹን የሚጠይቀው የእህቱን ሳጥን ስለሆነ ነው አለ። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ አንድ ትልቅ ድርጅትን ብቻ እንዲጠይቅ፣ ሌላ ማንንም እንዳይጠይቅ አድርጎ አስተካከለው። «ይሄኛው ይፈጥናል እህቴ» አላት እየሳቀ፣ «የአንቺው ለቢሮ ይሆናል።» ሽማግሌውም «ይኸው ባለሙያ!» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እሷ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሳጥኗ ፊት፣ እንደ ሎሌ ቆማ ቀረች።

እሱ የሄደ ዕለት ኮምፒውተሯን ከፈተችና ፋየርዎሉ ላይ አንዲት መስመር ጨመረች፦ ከሳጥኑ በቀር ለማንም የሚላክ የስም ጥያቄ ይጣል። ለጥንቃቄ ነው አለች ለራሷ፣ በመሥሪያ ቤትም እንዲህ ነው የሚደረገው። እውነት ነው፣ ይደረጋል። ግን ያን ቀን ያስጻፋት ጥንቃቄ ሳይሆን ቅናት ነበር፤ ድብን ያለ ቅናት። ክፋት ግን አላሰበችም። ስልኩ ውጭ ሲከለከል እያፈረ ወደ ሳጥኗ ይመለሳል ብላ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወንድምየው ያስተካከለው ስልክም የያዘውን የማይለቅ ሆነ። ያንኑ የውጭ ድርጅት ይጠይቃል፣ መልስ ያጣል፣ ደግሞ ይጠይቃል።

በማግሥቱ የጀግናው ጥሪ ቀረ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ጆሯቸውን ሞተር በልቶታል፤ የሰው ፊት ካላዩ የስልክ ድምፅ አይገባቸውም። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በቪዲዮ ብቻ ነው። ምሽት ላይ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው ደልደል አድርገው ይጠብቃሉ። ጠበቁ። በነጋታውም ጠበቁ። ከዚያ «እስቲ እዪው» አሏት።

አየችው። ማለት የራሷን ኮምፒውተር አየች። በራሷ ኮምፒውተር ሞከረች፣ ሁሉም ይሠራል፤ ስሙም ይገኛል፣ ቪዲዮውም ይከፈታል። የሙያው ሰዎች በሽታ ነው ይሄ፤ ሁሉን ነገር የሚሞክሩት ከራሳቸው ዕቃ ላይ ነው፣ የራሳቸው ዕቃ ደግሞ መቼም ደህና ነው። ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ከፎቅ ቁልቁል በጩኸት ታወርደው ነበር። አሁን ግን መልሱ ስለጣማት አልመረመረችውም። «በእኛ በኩል ምንም የለም አባዬ፤ ከእሱ በኩል ነው» አለች። ስትለው ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች ለመሐንዲሷ ሰርግ ሆኑላት። ስኳር ዕቃው ወደ ጓዳ ተመለሰ፤ በቦታው የዳማ ሰሌዳ ተዘረጋ። አባትና ልጅ ቆርኪ እየገፉ ይጫወታሉ። ሽማግሌው ከዚህ በፊት ለእሷ አውርተውላት የማያውቁትን የመንገድ ጨዋታ ያወሩላት ጀመር። ፍሬን እምቢ ሲላቸው አውቶቡሱን አሸዋ ክምር ላይ ወስደው እንዴት እንዳቆሙት፣ ተሳፋሪው ወርዶ ከማመስገን ይልቅ የመልሱን ሳንቲም እንዴት እንደጠየቃቸው። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ይሄን ሁሉ ለእሱ ነበር የሚያወሩት? እያለች ደግሞ በሳቋ መሃል ትቀናለች።

ሽማግሌው ግን ሞኝ አይደሉም። አንድ እሑድ ከሰዓት ስልካቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ መጡ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ሐኪም በሽተኛውን ትቶ አስታማሚውን ይመረምራል? ያልሠራው የኔ ስልክ ነው፤ አንቺ የምታዪው ያንቺን።»

ስልኩን ተቀበለች። ራሱን ሳጥኑን በቁጥሩ ብትጠራው ይመልሳል። ውጭ ያለ ነገርም በቁጥር ሲጠሩት ይመልሳል። በስም ሲጠሩት ግን ጭጭ። እንግዲህ መስመሩ ደህና ነው፣ የጠፋው ስም ፍለጋው ነው ማለት ነው። ወደ ፋየርዎሉ ገባችና ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች አየች። ያቺ መስመሯ ከሁሉ በላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ያለው የተጣሉ ጥያቄዎች ቆጣሪ ዓይኗ እያየ ይጨምራል። የሚጠይቀው የአባቷ ስልክ ነው። ስንት ቀን ሙሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ፣ ወንድሟ ዘንድ የሚወስደውን መንገድ ሲጠይቅ፣ የእሷ ዘበኛ ሲያባርረው ከርሟል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለዚህ ነው።

መስመሯን መሰረዝ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እጇ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ግን ያ ፀሐይ የሚገባው ክፍል ትዝ አላት። አንዴ ቢያወሩ «እሺ፣ እመጣለሁ» ሊሉት ነው። እሷ ከቢሮ ስትመለስ የሚጠብቃት ሰው የሌለበት ኮሪደር፣ የሚታሽ እግር የሌለበት ሳሎን። ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «ገና እያየሁት ነው» አለቻቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስህተት ነበር። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ግን ሌላ ነገር ሆነ፣ እሷም አውቃዋለች።

ወንድምየው በማግሥቱ ቢሮዋ ደወለላት። አባዬ ምን ሆኖ ነው የማይገኘው? ታሟል እንዴ? ድምፁ ውስጥ ጭንቀት ነበር፤ እሷ ግን የሰማችው ትዕዛዝ ነው። ስልኩ ተበላሽቷል፣ እየሠራሁት ነው አለችው። በአንቺ ስልክ አገናኚኝ ሲላት እሺ ማታ አለች። ማታ ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ለአባቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

እንግዲህ ያሸነፈች ሰው ደስ ይላት አይደል? መጀመሪያ ላይ አዎ። ከዚያ ግን ሽማግሌው ጢማቸውን መላጨት ተዉ። የመንገድ ጨዋታውም አለቀ። ዳማ ላይ ቆርኪውን ሳያዩ ይገፋሉ፣ ትበላቸዋለች፣ አይናደዱም፤ ድሮ ሲሸነፉ ሰሌዳውን የሚገለብጡ ሰውዬ። አንድ ምሽት እንዲሁ በተከታታይ ስትበላቸው ቆየችና ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጅ ማለት አንቺ ነሽ» አሏት። «እሱን ጀግናዬ ጀግናዬ እያልኩ አንቺን አላየሁሽም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፣ አጥፍቻለሁ። እሱ ‘ላስብበት’ ስላልኩት ተቀየመኝ መሰለኝ። ወይም ሽማግሌ ጠልቶ ይሆናል። ተወኝ፤ እኔም ልተወው እየሞከርኩ ነው።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ይህችን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። እናቷ በሕይወት እያሉ፣ ወንድሟ ሲመረቅ፣ ወንድሟ ሲያገባ፣ ሁልጊዜ ከበር ኋላ ቆማ የጠበቀቻት ቃል ናት። አሁን መጣችላት፤ የሌባ ዕቃ ሆና መጣች። በእጁ ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው የምታደርገው ጠፋት። አባቷ የሚያለቅሱት እሷ በጻፈቻት አንዲት መስመር ነው፤ የሚያመሰግኗትም በዚያችው።

ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ኮምፒውተሯን ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ያቺን መስመር ሰረዘቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣችና ለወንድሟ «አሁን ደውልለት» ብላ ጻፈች። ሳሎን ተመልሳ ሳትቀመጥ የአባቷ ስልክ መጮህ ጀመረ።

ሽማግሌው ዳማውን በክንዳቸው ጠርገው ስልኩን አነሡት። የወንድሟ ፊት ሲመጣ የእሳቸው ፊት እንዴት እንደበራ አየችው፤ ልታየው አልፈለገችም፣ ግን አየችው። ያ ብርሃን ለእሷ በርቶ አያውቅም፣ «ልጅ ማለት አንቺ ነሽ» ሲሏት እንኳ አልበራም። ቅናቷ እንዳዲስ ተነሣባት፤ እዚያው ቆማ፣ በደለኛ ሆናም ቀናች። ሽማግሌው እየጮኹ ያወራሉ። እኔ እኮ የተውከኝ መስሎኝ፣ አይ ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም፣ ስልኩ ነው እንጂ። ከዚያ ዞር ብለው በጣታቸው አሳዩት። «እሷ ናት ያስተካከለችው! መሐንዲሷ!» አሉ፣ ያለ ፌዝ።

«ያበላሸሁትም እኔ ነኝ አባዬ» አለች። «አውቄ ነው የተውኩት። እንዳትሄድብኝ ብዬ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን አነሡባት። «ቆይ አንዴ ልጄ፣ ወንድምሽ እያወራኝ ነው።»

እሷም ቆየች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መሬት የወደቁትን ቆርኪዎች እየለቀመች ቆየች። ወንድምየው ስለ ልጆቹ አወራ፣ ልጆቹም እየተሻሙ መጥተው አያታቸውን ሰላም አሉ። ሽማግሌው ሳቁ፣ አገጫቸውን ዳበሱና ያልተላጨው ጢማቸው አሳፈራቸው። መጨረሻ ላይ ብዙ አዳመጡ፤ «እሺ» አሉ፣ ደግመው «እሺ» አሉ፣ ስልኩንም ዘጉ።

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት።

«ቅድም ያልሽውን ሰምቻለሁ» አሉ።

እንዲቆጧት ጠበቀች፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ሻንጣዬ የት ነው ያለው?» አሉ ሽማግሌው።

ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ወንበር አምጥታ ወጣችና አወረደችላቸው።