የቄሱ ልጅ አሸንድዬ

ወንድሜ ቄስ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ፊት ስንሆን «እርስዎ» እለዋለሁ፣ መስቀሉን እሳለማለሁ፣ ከቅዳሴ ሲወጣም መንገድ እለቅለታለሁ። ቤት ስንገባ ግን አዝዬ ያሳደግሁት ታናሼ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ከእኔ ጋር መከራከር ሲያምረው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ደጅ ላይ እንደ ቆመ ነው የሚጀምረው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በፍልሰታ ጾም አጋማሽ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ የሴት ልጁን ቀሚስ የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ጥልፉን ከጫፉ ጋር ሳጋጥም፣ በሩ ላይ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ቆመና ቀሚሱን እንድተወው ነገረኝ። ልጁ ዘንድሮ አሸንድዬ አትጫወትም።

አሸንድዬ የፍልሰታ ጾም ከሚፈታበት ዕለት ጀምሮ የላስታ ሴት ልጆች የሚጫወቱት በዓል ነው። ክረምቱ ያጠገበውን ረጅም ቅጠል ከወንዝ ዳር ቆርጠው ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ ከዓለት ወደ ተፈለፈለችው ቤተ ማርያም፣ ከዚያ በየሰዉ ደጅ ይዞራሉ። የቅጠሉም የበዓሉም ስም አንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ» ስትባል የኖረች ልጅ በዚያ ሰሞን የሚያዝዛት የለም። እኔም ያየሁት ደስታ ስለሆነ ነው የምናገረው። የወንድሜን ልጅ ደግሞ ጓደኞቿ በዚያ ዓመት የሰፈራችንን ከበሮ እንድትይዝ መርጠዋት ነበር። ከበሮ የያዘች ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። እሷ ካልወጣች ለሌላ ይሰጣል፤ አንዴ የተሰጠ ከበሮ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ነገሩን ያመጣው ለሱባኤው ጉባኤ ከከተማ የተጋበዘ ሰባኪ ነው። ቅጠል ወገብ ላይ ማሰር ከክርስትና በፊት የነበረ፣ አያቶቻችን ዛፍና ወንዝ ያመልኩ በነበረበት ጊዜ የጀመሩት ልማድ ስለሆነ ክርስቲያን ሊርቀው ይገባል ብሎ አስተማረ። ወንድሜም ከተማ ተምሮ የመጣ ነው፤ ይህንኑ እዚያም ሰምቶት ኖሯል። አሁን አሁን በበዓሉ ላይ የመጣውን መድረክና ድምፅ ማጉያ፣ በየቲሸርቱ ላይ የሚታተመውን ጽሑፍም አንድ በአንድ አነሳብኝ። እዚህ ላይ እንኳ ተስማምተናል። የድምፅ ማጉያው ነገር እኔንም ራሴን ያዞረኛል።

ቄጤማውን ጠየቅሁት። በቅዳም ስዑር ራሳችሁ ለሕዝቡ የምታድሉት፣ እኛም ግንባራችን ላይ የምናስረው እርጥብ ቄጤማስ? ራስ ላይ ሲታሰር ክርስቲያን፣ ወገብ ላይ ሲታሰር አረመኔ ነው? እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችው ርግብ መታሰቢያ ነው አለኝ። አሸንድዬም ከዚያችው ርግብ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ ስለው፣ የእመቤታችን ዕርገት ነው የሚሉም አሉ፣ የዮፍታሔ ልጅ ናት የሚሉም አሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን የሚናገረው እውነተኛው ምክንያት ስለጠፋ ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። እሱ ከሄደ በኋላ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼው እንደገና ፈታሁት።

ልጅቱ በማግስቱ ለልክ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ትንሽ ቆመች፣ ጥልፉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና አወለቀችው። አጥፋ ስታስቀምጠው፣ በእሷ ፈንታ ከበሮውን ለምትይዘው ልጅ እንዳደርገው ነገረችኝ፤ ትከሻዋ ጠበብ ስለሚል እዚህ ጋ ብትይዢው ይበቃታል አለች። ብታለቅስ እሺ ብዬ አባብያት ዝም እል ነበር። ይህ ጨዋነቷ ነው ያንገበገበኝ።

በዚያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ደጅ አልቆምኩም፤ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቱ ፊቴን አይታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ይሁን፣ ካረማውያን የመጣ ነው እንበል» አልኩት። «አንተስ ከየት መጣህ? አርባ ቀንህ እስኪሞላ አባታችን ከደጅ ሲገባ ‹አረመኔው ተኛ ወይ?› እያለ ነበር የሚጠይቅ። አርባህ ሲሞላ አዝየህ ወረድሁ። ተጠመቅህ፣ ማተብ ታሰረልህ፣ ስንመለስ ያገኘን ሁሉ ሳመህ። አረመኔ ነበር ብሎ ገደል የጣለህ የለም።»

ሕፃን ነፍስ አለው፣ ቅጠል ነፍስ የለውም አለኝ።

«ድንጋዩስ ነፍስ አለው? ቤተ ማርያም ሳይሆን በፊት ዝም ብሎ ድንጋይ ነበር። ማን ምን ያመልክበት እንደነበር ታውቃለህ?»

ወንድሜ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ ለዚህ ነው የምወደው። «አላውቅም» አለ። ከዚያም ዋናውን ነገር አወጣው፤ ሰባኪው ባለበት የራሱ ልጅ ከበሮ ይዛ ብትወጣ ነገ እንዴት መቅደስ ገብቶ አብሮት እንደሚቆም። ካህናቱ ምን ይላሉ፣ የተማረ ቄስ ልጁን መያዝ አቃተው አይባልም ወይ?

እኔ አገር ሙሉ አረማዊ እያነሳሁ ስከራከር የልቡ ጭንቀት ሰባኪው ኖሯል። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ ያየሁት ያ አዝየው የወረድኩት ልጅ ስለሆነ አንጀቴ አልቻለም። ቀሚሱን እጨርሰዋለሁ፣ ማን እንደምትለብሰው አንተ ታውቃለህ ብዬው ወጣሁ።

የነሐሴ አሥራ ስድስት ጠዋት ልጆቹ የተሰበሰቡት እኔ ግቢ ነበር። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ባልዲ ውስጥ ቆሟል፤ ሹሩባው ተሠርቷል፣ ዓይኑ ተኩሏል፣ አንዷ የሌላዋን ድሪ ታስራለች። የወንድሜ ልጅም መጥታለች። ቀሚሷን ለብሳለች፣ ወገቧ ላይ ግን ቅጠል የለም። ለጓደኞቿ እያሰረች ነበር። ከበሮው ግድግዳው ሥር ብቻውን ተቀምጧል፤ ያቺ ትከሻዋ ጠባብ ልጅም ልታነሳው አልደፈረችም።

ወንድሜ ከቅዳሴ መልስ ነጭ እንደ ለበሰ በግቢው በር ገባ። በአንድ እጁ መስቀል፣ በሌላው ጸበል የሞላበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል። ልጆቹ ሊገሥጻቸው የመጣ መስሏቸው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ እኔም መሰለኝ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ባልዲው ሄደ። ቆሞ ጸሎት አደረሰ፣ ቅጠሉን በጸበሉ ረጨው፣ ልጆቹንም እንዲሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመካከል ለምለሙን መርጦ አወጣና ለልጁ ዘረጋላት።

«እሰሪው» አላት።

ከእጇ ተቀብዬ እኔ አሰርኩላት። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ምላሴም አላረፈ። ሰው ስላለ በክብር፣ «አባ፣ አጠመቁት እንዴ?» አልኩት።

«ቅጠል አይጠመቅም እታለም» አለ፣ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ይዞ። «ይባረካል።»

ወደ ቤተ ማርያም ስንወርድ እሱም ከኋላችን ተከተለ። ዳገቱና ቁልቁለቱ በነጭ ቀሚስ ተሞልቷል፤ ከየሰፈሩ የሚመጣው ከበሮ እየተገናኘ ይበረታል። የወንድሜ ልጅ ከበሮውን ይዛ ግጥሙን ስታወጣ ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ሞላ፣ ሰፋ፣ ከሌላ ሰፈር የመጡት እንኳ ዘወር ብለው ይቀበሏት ጀመር። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰፈራችን ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም።

ካህናቱ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ሰባኪው አብሯቸው አለ። ወንድሜ ሄዶ በመካከላቸው ቆመ። እኔም ወሬው ሳያመልጠኝ ጠጋ አልኩ። ሰባኪው ወደ ልጆቹ አየና፣ ሌሎቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያቺ ከበሮ የያዘችው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። ማንነቷን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ካህናቱ መሬት መሬት አዩ።

ወንድሜ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ። በቅዳሴ ጊዜ በሚያወጣው፣ እዚያ ማዶ ድረስ በሚሰማው ድምፁ መለሰ።

«የኔ ልጅ ናት» አለ። «ቅጠሉንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ከበሮው ለአፍታ ቆመ፤ ሰምታዋለች። ከዚያ ዘወር ብላ አባቷን እያየች መታችው፣ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ፣ ከሁሉም የጮኸው የኔ ነበር።