ሳል አስተማሪው

ሰውየው ከሐይቅ ዳር ሆቴል ሥራውን አቋርጦ ወደ ጤና ጣቢያው መምጣቱን ሲስተር ታቢታ ከጥቁር ሰደርያውና ከቢራቢሮ ክራቫቱ ገመተች። ክዳን ያላትን ትንሽ የአክታ ዕቃ እንደ ወይን ብርጭቆ መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ አጥፎ፣ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠችው ከሲታ ልጁ ጎንበስ አለላት።

«እሜቴ፣ ትንሽ ብቻ! እህ በይና ትፍ!»

ልጅቷ ሳለች፤ ከዚያ አክታውን ዋጥ አደረገችው።

«መትፋት ነውር ነው ብለኸኝ የለ?»

«ዛሬ ተፈቅዷል፣ የኔ እናት።»

ወረፋ ጠባቂዎቹ አዘኑለት። አንዲት እናት እንዴት እንደሚተፋ አሳየቻት፤ አንድ ጡረተኛ ወታደር ጉሮሮውን እንደ አሮጌ መኪና አስነሳ፤ ወዲያው ኮሪደሩ በሙሉ «እህ! እህ!» ይል ጀመር። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፤ ዕቃዋ ግን ባዶ ነች።

ከሁሉም ያማረው የአባትየው ሳል ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አፉን በነጭ ናፕኪን ሸፍኖ፣ ትከሻው እንኳ ሳይነቃነቅ ከጥልቅ ይስላል። ታቢታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሳል ለማሳያ ነው ወይስ የራስዎ?»

«ኧረ ሲስተር፣ እንግዳ ፊት ስዬ አላውቅም» አለ ደንግጦ።

«ቤትስ?»

«ቤትማ የራሴ ነው፤ እንደ ልቤ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ዞሮ ልጁን አያት። ታቢታ ሌላ ዕቃ ሰጠችው። እሱ አስተማሪ አላስፈለገውም።

ልጅቷ ከአባቷ ጋር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመረች። በሽታዋ የታወቀው ግን በአባቷ አክታ ነው።