ሰልባጇ አውሮፕላንና የአባቴ ጀልባ

በዕድሜዬ አውሮፕላን የተሳፈርኩት አራት ጊዜ ነው። ከአራቱ ሦስቱን የወሰደችኝም የመለሰችኝም ያችው አንዲት አሮጌ ጄት ናት። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም። ወንድሜማ፣ «እንደ ውጫሌ ባጃጅ ጀርባዋ ላይ ጥቅስ አልተጻፈባት፤ በምን ለየሻት?» እያለ ይቀልድብኛል።

የለየኋት በጉዳቷ ነው። ከኋላው መጸዳጃ ቤት ሦስት ረድፍ ቀደም ብሎ፣ በግራ በኩል መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የእጅ ማሳረፊያው ላይ የሲጋራ መተርኮሻ አለው። አውሮፕላን ውስጥ ማጨስ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ ነው፤ መተርኮሻው ግን እዚያው ነው። ክዳኑን አንድ ሥራ የፈታ ሰው በማስቲካ አጣብቆ ዘግቶታል። ከወንበሩ በላይ ያለው የጣሪያ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ በቢጫ ፕላስተር ታሽጓል። የአደጋ ጊዜ መውጫውን የሚያሳየው ማስታወቂያ ጠርዙ ተልጦ፣ ከሥሩ አረብኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ ጽሑፍ ብቅ ብሏል። ከእኛ በፊት የሌላ አገር ሰው ስታመላልስ ኖራለች ማለት ነው። በከተማችን በሐይቅ ገበያ ሰልባጅ ኮት የገዛ ሰው ኪሱ ውስጥ የማያውቀው አገር የአውቶቡስ ትኬት ያገኛል። እኔም በልቤ «ሰልባጇ» አልኳት፤ እስከ መጨረሻው ስሟ ይኸው ሆነ።

ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አባቴ ጀልባ መናገር አለብኝ። አባቴ ሐይቁ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እያጠመደ ነው ያሳደገን። ጀልባዋ የእንጨት ነበረች፤ በዕድሜ እኔንም ወንድሜንም ትበልጣለች። ሳንቃዋ በተሰነጠቀ ቁጥር የዘይት ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ሬንጅ እያቀለጠ ይለጥፍባት ስለነበር በመጨረሻ ከእንጨቱ ጥገናው ሳይበዛ አልቀረም። አዲስ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ሲመጡበት፣ «ይቺ እኮ ውሃውን ለምዳዋለች፤ አዲሷን ማን ያስተምርልኛል?» ብሎ ይመልሳቸዋል።

አባቴ በጀልባዋ ላይ ጥቂት ሕጎች ነበሩት። ቢስሚላህ ሳይሉ እግር ማስገባት የለም። መሀል ላይ ብድግ ማለት የለም። ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች፤ ያኔ አባቴ መቅዘፊያውን ሳይለቅ፣ «ገላሽን ወዲያ!» ብሎ ይጮኻል። ሁላችንም ጀልባዋ ካጋደለችበት በተቃራኒው በኩል እንወድቃለን፤ እሷም ትቀናለች። በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በአባቴ ዓይን ሰነፍ ብቻ አይደለም፤ አብረውት ያሉትን ሊያሰጥም የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ አያሳፍረውም ነበር።

መጀመሪያ አረብ አገር የሄድኩት ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፈልፋል። የታሰረው ተፈታ፣ የተሰደደው ተመለሰ እየተባለ ሰው ይተቃቀፋል። ሌላው ሲመለስ የእኛ ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ አንዳንዱን ያስቀው ነበር። አባቴ አልሳቀም፣ አልከለከለኝምም። ዱአ አደረገልኝና የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አውሮፕላኑ አዲስ ነው አሮጌ?»

«እኔ በምን አውቄ አባየ!»

«አሮጌ ከሆነ አብሽሪ። ስንቴ ወጥቶ ስንቴ ወርዷል። አደራ፣ ሲያጋድል ግን እንዳትዘናጊ።»

በዚያ በረራ ከእኛ አካባቢ አምስት ሴቶች ነበርን። ሁለታችን ከሐይቅ ዳር፣ አንዷ ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ ሁለቱ ከውጫሌ። ኤጀንሲው እንዳንጠፋበት ሁላችንንም አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ሻርፕ አልብሶናል። ገና ከመነሳታችን ከጣሪያው ሥር ነጭ ጉም ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ጭስ መስሎን ሸሃዳ ስንል፣ ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠች፣ ለእረፍት መጥታ የምትመለስ ጠና ያለች ሴት፣ «የቀዝቃዛ አየር ማሽኑ ነው፤ አሮጌ ስለሆነ ነው» አለችን። ከዚያ ከአውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ግንድ በመጋዝ የሚቆርጡ የሚመስል ድምፅ መጣ። እሱንም፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነች» አለችን። ተነሳን።

ትንሽ እንደወጣን ክንፏን ጥላ ወደ ግራ ዞረች። በመስኮቱ መሬቱ ወደ ላይ መጣ። ሳላስብ ገላዬን ወደ ቀኝ ወረወርኩ። ከሐይቅ የመጣችው ጓደኛዬም ወረወረች፤ የአርዲቦዋም እንዲሁ። የውጫሌዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ያደጉ ስለሆኑ ወንበራቸውን ጨብጠው ደርቀው ቀሩ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ትዕግሥት የለኝም፤ አንዷን በሻርፗ ጎትቼ እላዬ ላይ ጣልኳት። «ልታስገለብጭን ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ከኋላ የተቀመጡ ወንዶች በሳቅ ሞቱ። የበረራ አስተናጋጇ እየተንገዳገደች መጣችና በአረብኛ አንድ ነገር አለች። ጠና ያለችዋ ሴት ዕንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ «ጀልባ መሰላችሁ እንዴ? ተነሱ፣ እሷ በራሷ ትቀናለች» አለችን።

እውነትም በራሷ ቀናች። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ቅር አለኝ። እኔ ገላዬን ብጥልም ባልጥልም ለእሷ ምኗም አይደለሁም። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

የአረብ አገሩን ኑሮ አላበዛውም፤ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማሳደግ ነው። ልብስ የማሰጣው ሰገነት ላይ ነበር። ከሰገነቱ በላይ አውሮፕላን በዝቅታ ያልፋል። ከጊዜ በኋላ ያንን የመጋዝ ድምፅ ከመሬት ሆኜ የምሰማው ይመስለኝ ጀመር። እርግጥ ሞኝነት ነው፤ ከመሬት አይሰማም። ግን አንዷ ጮክ ብላ ስታልፍ፣ «ሂጂ፣ ሐይቅን ሰላም በይልኝ» እላት ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለእረፍት ስመጣ ወንበሬን ስፈልግ የተሰነጠቀውን ጣሪያ አየሁት። ፕላስተሩ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኗል። ከሥሩ የተቀመጠችውን ልጅ ለምኜ ቦታ ተለዋወጥን። መተርኮሻውን ስዳስስ ማስቲካው አለ። «አለሽ እንዴ!» አልኳት፣ ድምፄን አውጥቼ። የወንበሩ ጨርቅ ሳስቶ ስፖንጁ ይታያል፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ሄዶ አይመለስም፤ ከጣሪያው ውሃ ጠብ እያለ ሻርፔን አራሰው። ደስ አለኝ። ደግሞም ፈራሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ እኔ ይህን ያህል ከተጎዳሁ እሷ ምን ያህል ተጎድታ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ቤት እንደደረስኩ አባቴ ገና ውሃ ሳልጠጣ፣ «አጋደለ?» አለኝ።

«አጋደለች።»

«እህስ?»

የወንዶቹ ሳቅ ትዝ አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ መልሱን ሦስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «ገላየን ወዲያ ጣልኩ አባየ» አልኩት። ይህ እውነት ነው። «ቀናች?» ሲለኝ፣ «ቀናች» አልኩት። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ያገጣጠማቸው እሱ ነው። በሳምንቱ የቅሬው፣ የዕድራችን ሰዎች ተሰብስበው ሳለ፣ «ልጄ አውሮፕላን አቀናች» ብሎ ሲያወራ ሰማሁት። ሊያርሙት የቃጡ ነበሩ፤ በዓይኔ ገላመጥኳቸው።

ተመልሼ ስሄድ ያሳፈሩኝ በአዲስ አውሮፕላን ነው። በየወንበሩ ጀርባ ቴሌቪዥን አለው፤ ምንም አያንጠባጥብም፣ ምንም አይጮኽም። አልወደድኩትም። ሽታው እንኳ የሰው አልነበረም።

ያኔ በሰሜን የተነሳው ጦርነት ከእኛ ሩቅ ነው ይባል ነበር። ከዚያ ወደ ወሎ መጣ። ውጫሌ ገባ ሲባል ሰማን፤ ሐይቅም ቀጠለ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳገኛቸው እናቴ፣ «አባትሽ ጀልባዋን ሊደብቅ ወርዷል፤ ቢመክሩት ቢመክሩት እምቢ አለ» እያለች መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ ደወልኩ፤ የለም። በየቀኑ ደወልኩ፤ ያቺ በማሽን የተቀዳች ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። ሳምንታት አለፉ። አንዱ የሐይቅ ሰው ሁሉ ወጥቷል ይላል፤ ሌላው ማንም አልወጣም ይላል። ስለ አባቴ የነገረኝ ሰው የለም። ሞቷል ብዬ አለቅሳለሁ፤ አልሞተም ብዬ ልብስ አሰጣለሁ። በመጨረሻ ለእመቤቴ ልሂድ አልኳት። «ሰው ከዚያ ይሸሻል፣ አንቺ ወደዚያ ትሸሻለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

አየር ማረፊያ ስደርስ የቆመችው ሰልባጇ ነበረች። ተሳፍሬ መተርኮሻውን ሳይ አወቅኋት፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ተዘጋ፤ አልተነሳንም። ቀትር ላይ ነው፤ የቀዝቃዛ አየር ማሽኑ አይሠራም፤ እንደ ዳቦ ተጋገርን። በመስኮቱ ሳይ ሁለት ሰዎች የሞተሩን ክዳን ከፍተው ውስጡን በባትሪ ያያሉ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ሰዉ ይራገም ጀመር፤ ቆርቆሮ አሏት፣ የሬሳ ሣጥን አሏት፣ ሌላ አውሮፕላን ይምጣልን እያሉ ጮኹ። እኔም ረገምኳት። ወዲያው ደግሞ መተርኮሻውን ይዤ፣ «በአላህ ይሁንብሽ፣ ዛሬን ብቻ» ብዬ ለመንኳት። ከመውደቋ ይልቅ አለመነሳቷ አስፈራኝ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደተቀመጥን ክዳኑ ተዘጋ። መጋዙ ከሆዷ ውስጥ ሲጀምር ዕንባዬ መጣ።

አዲስ አበባ ልናርፍ ስንል ክንፏን ጥላ ዞረች። በራሷ እንደምትቀና አውቃለሁ። ቢሆንም ገላዬን ወዲያ ጣልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደንግጣ፣ «አሞሻል?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። እስክትቀና ድረስ አልተነሳሁም።

የወሎ መንገድ እስኪከፈት እዚያው አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ሐይቅ ገባሁ። እናቴ በር ላይ አገኘችኝ፤ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ አለች» ነው። አባቴ ጀልባዋን በደበቀ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለሶላት ሊነሳ ሲል ወድቋል። ጤና ጣቢያው ዝግ ነበር፤ መኪና አልነበረም። ግራ ጎኑ አይታዘዝም፤ ግማሽ ፊቱ ወርዷል። ለእኔ አለመደወላቸው ስልኩ ስለሌለ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ተናደድኩባቸው። አጠገቡ ቁጭ ስል ቃሉን እየጎተተ፣ «በየትኛዋ መጣሽ?» አለኝ።

«በሰልባጇ።»

በግማሽ አፉ ፈገግ አለ።

ጀልባዋን የደበቃት ዓሣ አጥማጆቹ በክፉ ቀን እንደሚያደርጉት ነው፤ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ረጅም ሣር፣ ከፊላው ውስጥ አስገብቶ ድንጋይ ሞላባትና አሰጠማት። ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በሸክም ወስደነው ዳር ላይ በብርድ ልብስ አስቀመጥነውና በደህና እጁ እያመለከተ አሳየን። ወንድሜና ጎረቤቶች ድንጋዩን እየለቀሙ አወጧት። ሬንጁ ሁለት ቦታ ከመላጡ በቀር ደህና ነበረች። ለአንድ ሳምንት ያህል አደረቅናት፤ ለጠፍናት።

ከዚያ አባቴ ካላሳፈራችሁኝ አለ። እናቴ ተቆጣች፤ አልሰማትም። ወንድሜ መቅዘፊያውን ያዘ፣ አባቴን መሀል አስቀመጥነው፣ እኔ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ቢስሚላህ አልን። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ስንመለስ ግን ነፋስ ተነሳ። ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለች፤ ወደማይታዘዘው ጎኑ። አባቴ አፉን ከፈተ፤ ያችን ቃል ሊል ነው፤ አልወጣችለትም። እሱ ራሱ ወደ ወረደው በኩል ተንሸራተተ፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ሄደ። ውሃው ጠርዙን አለፈ። በደህና እጁ አንገቴን ሳስይዘው ትዝ ይለኛል። ይዤው ባለ በሌለ ኃይሌ ገላዬን ወዲያ ጣልኩ፤ ጀርባዬ ውሃውን ነካ። ቀስ ብላ ቀናች።

አባቴ እያየኝ፣ «አውሮፕላኗም... እንዲህ ነው የምትቀናው?» አለኝ።

ወንድሜ መቅዘፉን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዲህ ነው አባየ» አልኩት። ነፋሱ መልሶ ሲመጣ ቀድሜ ወዲያ ጣልኩ፤ የእኔንም ገላ፣ የእሱንም።