አሥርን አንድ ብሎ የሚቆጥር ኮድ

ቱግ ባይ ነኝ፤ እናቴም ሁሌ ይህንኑ ትላለች። ያን ሰሞን ግን የተናደድኩት በአመሌ ሳይሆን በምክንያት ነው፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሶላር የሚሠሩ የውሃ ሞተሮችን እንተክላለን። ከእያንዳንዱ ሞተር አጠገብ ብረት ምሰሶ ላይ የታሰረች ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሞተሩ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም የምትለው እሷ ናት። ውስጧ ያለውን ሶፍትዌር የጻፉት አዲስ አበባ ያሉት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ናቸው። እኔ እዚህ ሲበላሽ እጠግናለሁ፤ ስድቡንም የምቀበለው እኔው ነኝ።

ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከከተማው በባጃጅ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ ሽንኩርት የሚያለሙ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን ይዘውታል። የወንዙ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያዙት የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው። ቀንህ ሲደርስ ከጠዋት እስከ ማታ ታጠጣለህ፤ ካመለጠህ ዙሩ እስኪመለስ ቁጭ ነው። የእትዬ ሽንኩርት ደግሞ ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ላይ ነበር። ያኔ ውሃ ካጣ ቀጭጮ ይቀራል፤ ነጋዴም ዞር ብሎ አያየው።

በተራቸው ቀን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የዙህር ሶላት ሳይደርስ ሞተሯ ዝም አለች። ፀሐዩ እንዲህ እየነደደ እንዴት ትቆማለች?»

ሄድኩ። ሳጥኗን ስነካት እጄን ለበለበችኝ፤ ነገሩም ወዲያው ገባኝ። ሶፍትዌሩ ሳጥኗ ከተወሰነ ልክ በላይ ስትግል ሞተሩን እንዲያቆም ታዟል። ልኩን ያወጡት ሰዎች ደግሞ ሹራብ ለብሰው ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ የሮቢትን ቀትር አያውቁትም። የውስጧ ዕቃ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት እንደሚችል የፋብሪካው መመሪያ በግልጽ ይናገራል። መለወጥ ያለበት አንድ ቁጥር ነበር። አንድ ቁጥር!

ቁጥሩን ለወጥኩ። ከዚያ ኮዱ ሳጥኗ ወደምትረዳው ቋንቋ መቀየር አለበት፤ ይህን የሚሠራው ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው። ላፕቶፔ ላይ ሳስጀምረው ቀይ ጽሑፍ አወጣና ቀጥ አለ። ኮምፓይለርሽ አርጅቷል፣ አዲስ ጫኚ ነው የሚለኝ። ኧረ አዲስ ነው! በዚያው ወር የጫንኩት ነው።

አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ ደወልኩ። ምንም አልገረመውም።

«እሱ ሁሌም እንደዚያ ነው» አለኝ። «የሚቀበለው ቢሮ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ላኪልን፣ እዚህ ሠርተን እንመልስልሻለን።»

ላክሁ። ላፕቶፑ ለካ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ሥልጠና ሄዷል። ባትሪው ሞቷል፣ ስክሪኑ በፕላስተር ተያይዟል። አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ይህን ላፕቶፕ እንደ አቅመ ደካማ አባት ሲጦር ኖሯል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

እኛ ቁልፍ ስንጠብቅ የእትዬ ሁለተኛ ተራ ደረሰ። ሳጥኗን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንናት፤ ጥቂት ቆየችና ሞተሩን አቆመችው። ውሃው ላይኞቹን መደቦች አዳርሶ ታችኞቹ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እትዬ በጄሪካን እየተሸከሙ ሊያዳርሱ ሞከሩ። የማይሆን ነገር ነው።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያመጣውን እሱ ይመልሰዋል» አሉኝ። እኔን የሚያጽናኑት እሳቸው መሆናቸው ባሰብኝ። ይህን አላህ አላመጣውም፤ እኛ ነን ያመጣነው።

ወርክሾፕ ተመልሼ ያን ቀይ ጽሑፍ የሚያወጣውን ቦታ ኮዱ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ከዓመታት በፊት የኮምፓይለሩ ሦስተኛ ቨርዥን ስህተት ነበረበት፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከአራት በታች ከሆነ አቁም ብሎ ጻፈ። ለያኔው ደግ አደረገ። ግን ኮዱ የሚያየው የቁጥሩን የመጀመሪያ አሃዝ ብቻ ነው፤ ቨርዥኑ አንድ ቀን አሥር ይደርሳል ብሎ ያሰበ የለም። የቢሮው አሮጌ ላፕቶፕ ከአሥር በታች ያለውን ስለያዘ ያልፋል፤ የእኔ ግን አሥረኛው ነበር። ከአሥር ላይ አንዷን ብቻ አይቶ፣ አንድ ከአራት ያንሳል ብሎ፣ አዲሱን አርጅተሃል ብሎ መለሰው። ሦስተኛውን ቨርዥን ዛሬ ፈልገህም አታገኘው።

ጮህኩ መሰለኝ፤ ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ ብቅ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«አሥርን አንድ እያለ ሽንኩርት ያደርቃል!»

«ማን?» አለኝ። ያን የጻፈው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል።

እንደገና አለቃዬ ጋ ደወልኩና ይህ አቁም የሚለው ፍተሻ ይውጣ አልኩት።

«ነባር ነገር አይነካም። አንቺ አውጥተሽው ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?»

«አሁን የሰው ሽንኩርት ሲበላሽስ ማን ይጠየቃል?»

«እሱ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

አወጣሁት። እሱ ብቻም አልነበረም፤ ከገበያ የጠፋ ቺፕ አምጡ የሚል ሌላ ፍተሻ አለ፤ ማንም የማይጠቀምበት ፕሮግራም ካልተጫነ አልሠራም የሚልም አለ። አንድ በአንድ ለምን እንደተጻፈ አጣርቼ፣ ምክንያቱ የሞተውን ሁሉ ነቀልኩ። ኮዱ ያለ አንዳች ቅሬታ ወደ ሳጥኗ ቋንቋ ተቀየረ። በማግስቱ ትርፍ ሳጥን ላይ ጭኜ ወርክሾፑ ቆርቆሮ ላይ ቀትሩን ሙሉ ፈተንኩት፤ ፍንክች አላለም።

በሦስተኛው ተራ ጠዋት ማሳው ላይ ደረስኩና አዲሱን ጫንኩ። ቀትር መጣ፣ አለፈ፤ ሞተሯ አልቆመችም። ውሃው ላይኞቹን መደቦች አጥግቦ ወደ ታች ሲወርድ እትዬ ዶማ ይዘው ቀደሙት። የታችኛውን ቦይ በአፈር ደፈኑና ውሃውን ወደ ጎረቤታቸው ማሳ መለሱት።

«እትዬ፣ ምነው? ያኛው ገና አልጠጣም እኮ!»

አንዱን ሽንኩርት ነቅለው ሰጡኝ። ቅጠሉ እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ ራሱ ከጣቴ አይወፍርም።

«ይሄ ሞቷል። ውሃ ማባከን ሐራም ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሊያጽናኑኝ ፈለጉ መሰለኝ፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፤ ይህን ያህል የቆየው ሥራው ቢከብድ ነው። ብዙ ደክመሻል» አሉ።

መዋሸት አቃተኝ።

«አይ እትዬ፣ አልከበደም። ጥቂት መስመር ማጥፋት ብቻ ነበር።»

ዶማቸውን መሬት ላይ አቆሙት። እስከዚያች ሰዓት አንዲት ክፉ ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም ነበር።

«ታዲያ ማንን ነበር የምትጠብቁት?» አሉኝ።