«ሺሮ» የሚል ጽሑፍ የነበረባት ፌስታል

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ታደሰ በሩ አጠገብ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው...

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የላስቲክ ኃላፊ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ ራሴን ሾሜ ነው። ሰዉ እሁድ እሁድ የዳቦ ላስቲክ፣ የወተት ፓኬት፣ ያገኘውን ሁሉ ያመጣል፤ እኔ እለቅማለሁ፤ ማክሰኞ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ቀልጦ የአጥር ቋሚ ይሆናል። ሕጉ አጭር ነው፤ ንጹህ፣ ደረቅ፣ በእጅ ያልተጻፈበት። «ያልተጻፈበት» የምትለዋን እንኳ ማንም አላዘዘኝም፣ የጨመርኳት እኔው ነኝ። ቅባት የነካው ካገኘሁ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ሰዉ ከፓስተሩ ይልቅ እኔን ይፈራል።

ጋሽ ታደሰ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ካረፉ ገና ሦስት ወራቸው ነው። በሩ ላይ ከጠበቁኝ ቀን በፊት በነበረው እሁድ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ፌስታል ይዘው መጥተው ነበር። ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ስንት ዘመኗ... እትዬ ብርቄ ግን ከአዲስ አበባ ስንቅ የመጣበትን ሁሉ አጥበው፣ አጣጥፈው፣ ፍራሽ ሥር አኑረውታል።

«ውሰጂው ልጄ፣ ቤቱን ላራግፍ ብዬ ነው» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ከምታግዘኝ ከቤቲ ጋር ስንለቅም አንዷ ላይ በወፍራም ማርከር «ሺሮ» ተብሎ ተጽፏል። ቤቲ እዚሁ ናይሮቢ ነው ያደገችው፤ አማርኛ ማንበብ ራሱ በስንት ልመና ነው የተማረችው።

«ኢቨን እኔ ሽሮ በ‹ሽ› እንደሚጻፍ አውቃለሁ» አለች።

ሳቅን። ከዚያ ሳኒታይዘር አፍስሼ በጨርቅ እፈትገው ጀመር። አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ፣ እኔም እልህ ያዘኝ። ሲለቅ ደስ አለኝ።

እና እሁድ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ...

«ልጄ፣ ያ ላስቲክ ሄደ?»

«መኪናው ተበላሽቶ አልመጣም ጋሼ። ምነው?»

«ተመስገን። አንዷ ላይ ጽሑፍ አለባት። እሷን መልሺልኝ።»

ክው አልኩ።

እትዬ ብርቄ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ለካ ያቺ ቃል ማንም ሳያግዛቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፏት ናት። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ እያሉ ነበር፤ ገና አላወቁም።

«‹ሺ› ብለሽ ጻፍሽው፣ ሺ ኪሎ ልታበዪኝ ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሺ ዓመት ብላው ብዬ ነው።›»

ገብቼ ፌስታሏን አመጣሁላቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ። አገላብጠው አዩዋት። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ወለወሉና እንደገና አዩዋት።

«ጠፍቷል ጋሼ... እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ፈትጌ።»

ባዶውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በጌታ ስም እላችኋለሁ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቃችን ትዝ አለኝና አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ የባሰውን ተናገርኩ።

«ማርከር ይዣለሁ... እኔ ልጻፍልዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ የለበትም።

«ተይው ልጄ። አንቺ ‹ሽ› አድርገሽ ታስተካክዪዋለሽ።»

ባዶዋን ፌስታል አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወደ ማታቱው፣ ወደ ታክሲያቸው ሄዱ።

«ያልተጻፈበት» የምትለዋን ሕግ አንስቻታለሁ። አሁን ሰው ላስቲክ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የማን ነበር?» ብዬ ነው።

በዕድሜዬ እንደዚያች ፌስታል አድርጌ ያጸዳሁት ነገር የለም...