የግራው ጋርድ እጅ

ሃርመን ክሪክ በምትባለው የደቡብ አላባማ ትንሽ ከተማ ሰው ሲወለድ ሁለት ነገር ይወርሳል፤ ቤተ ክርስቲያኑንና የኮሌጅ ኳስ ቡድኑን። ኳሱ የአሜሪካው ነው፤ ወይ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፣ ወይ ይወረውሩታል። ቤተ ክርስቲያን የቀየረ ሰው ታይቷል። ቡድን የቀየረ ግን ወሬውም ተሰምቶ አያውቅም። ኢሞጂን ራውልስ ከአረንጓዴዎቹ ተወለደች፤ አረንጓዴዎቹ የዌክስለር ስቴት ናቸው። ቀያዮቹ የብራነን ኮሌጅ ናቸው። በዚያ ዓመት አረንጓዴዎቹ በቀያዮቹ መሸነፍ ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

ኢሞጂን ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በካልሲ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርታለች። እያንዳንዱን ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃ ወደ መብራት ታነሣና የሳተ ክር ትፈልጋለች፤ ሥራዋ ይኸው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ከጓደኞቿ ጋር አለቀሰች። በወሩ ቁርስ የሚሸጠው የነዳጅ ማደያ ወጥ ቤት ሴት እንደሚፈልግ ሰማች፤ ከእግዚአብሔር ነው ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በቅቤ የታሸ ትኩስ ዳቦ ትጋግራለች፣ ቋሊማ ትጠብሳለች፣ ነጭ መረቅ ታማስላለች። ባሏ ሬይ ከዓሣ በቀር ለምንም ደንታ የለውም። ጨዋታ ባለበት ቀን ሳሎኑን ለእሷ ለቆ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን የኖርነው በዚህ ዘዴ ነው ይላል።

ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዎች ይቀመጡበታል። ዳልተን ዊምስ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ አረንጓዴ። ቡፎርድ ታይስ የኦቾሎኒ ገበሬ ነው፤ እሱም አረንጓዴ፤ በዚያ ላይ የልጁ ባል ከአረንጓዴዎቹ ረዳት አሰልጣኞች አንዱ ነው። ሦስተኛው ከርቲስ ኦግልስቢ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። የጠረጴዛው ብቸኛ ቀይ እሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደስታ የቀላ።

«የእናንተ ኳስ ወርዋሪ'ኮ ጥሩ ልጅ ነው» አለ ከርቲስ፣ የትልቁ ጨዋታ ሳምንት በገባ ሰኞ። «ችግሩ ኳሷን ለእኛ ልጆች ማቀበል ይወዳል።»

«አፍህን በዳቦ ሙላው» አለ ዳልተን።

«አምና አራት ጊዜ አቀበለን! ሰው ለገናም ይህን ያህል ስጦታ አይሰጥም።»

«ዘንድሮ የተከላካዮቻችን ነገር ሌላ ነው» አለ ቡፎርድ። «በር ናቸው፣ በር!»

«በር መሆናቸውንማ አየን። የመጣው ሁሉ ይገባባቸዋል።»

ዳልተን ሳይወድ ሳቀ። ሲኒውን አስቀምጦም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እኛ ሯጮች አሉን፤ እነሱ ሯጭም የላቸውም። ግን ያ የፊት መስመራቸው! አምስት በሬ። እንከን አይወጣለትም።»

ኢሞጂን በመስኮቱ ይህን ስትሰማ እጇ ሊጡ ላይ ቆመ። እንከን እንዳለው ታውቃለች።

ያወቀችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የቀያዮቹን ጨዋታ በቪዲዮ ካሴት ቀድታ፣ ወደ ኋላ እየመለሰች ስታይ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። አምስቱ ግዙፍ የፊት መስመር ልጆች ከኳሷ ፊት አጎንብሰው አንድ እጃቸውን መሬት ያስነካሉ። ኳሷ ከመንቀሳቀሷ በፊት፣ ከመሐሉ ልጅ በስተግራ የሚቆመው፣ የግራ ጋርድ የሚሉት ልጅ፣ እጁ ይናገራል። ቡድኑ ኳሷን ይዞ ሊሮጥ ሲል መሬቱን ይጫናል፣ ክንዱም እንደ ምሰሶ ይደርቃል። ሊወረውሩ ሲሉ ክንዱ ይላላል፤ ጣቶቹ ሣሩን ዳሰስ ብቻ ያደርጋሉ። ከዚያ ኳሷ ትሄዳለች። ወረቀት አምጥታ አንድ በአንድ ጻፈች። ከሠላሳ አንድ ጊዜ የሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ተከላካይ ምን እንደሚመጣበት ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

ለቡፎርድ አንድ ቃል ብትተነፍስ በዚያው ቀን ለልጁ ባል ይደርሳል። ስርቆትም አይደለም። አሰልጣኞች ሁሉ የተጋጣሚያቸውን ፊልም የሚያዩት ይህንኑ ሊፈልጉ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትጸልይበት የኖረችው ድል እጇ ውስጥ ገብቶላት ነበር።

ክፋቱ የግራው ጋርድ ወንዴል ሲምስ መሆኑ ነው። የሃርመን ክሪክ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው በእሑድ ትምህርት ቤት የኖኅን መርከብ አስተምራዋለች፤ እንስሳቱ በመርከቡ ውስጥ ምን በሉ ብሎ መልስ ያሳጣት ልጅ ነው። እናቱ ሎሪን ትምህርት ቤት ምግብ ታበስላለች፤ በመዘምራን ወንበር ከኢሞጂን አጠገብ ትቆማለች። ወንዴል ወደ ቀያዮቹ ሲሄድ፣ አብዛኛው አረንጓዴ የሆነው ከተማ ከዳተኛ አለው።

ኢሞጂን ጸለየች። መልስ አልመጣም። ማክሰኞም ጸለየች።

ረቡዕ፣ የምስጋና በዓል ዋዜማ ጠዋት፣ ሎሪን ለበዓሉ ያዘዘችውን ዳቦ ልትወስድ ገባች። ዳልተን ገና ከበሩ ሲያያት ጀመራት።

«ሎሪን! ያን ልጅሽን ቅዳሜ አደራ በይልኝ። ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ቢልልን ምን አለበት? ያደገበትን አገር ረሳ እንዴ?»

ሎሪን ሌላ ጊዜ ፈገግ ብላ ታልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ቆመች። «ዳልተን፣ አረንጓዴዎቹ ልጄን ፈልገው በራችንን ቢያንኳኩ ኖሮ አረንጓዴ ይለብስ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቅን። አላንኳኩም።»

ከርቲስ እንኳ አልተሳለቀም።

ኢሞጂን ዳቦውን ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘቻት። ሎሪን በሩን ከፍታ ሳትገባ ቆመች። «አንድ አዲስ ልጅ አምጥተው ተጠባባቂ አድርገውበታል» አለች። «ቅዳሜ ከተበላሸበት ቦታውን ያጣል። ቦታውን ካጣ ስኮላርሺፑንም ለሚመጣው ዓመት ላያድሱለት ይችላሉ። ጸልዪለት፣ እህቴ።»

ኢሞጂን ዳቦውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ከዚያም «እጁ ይናገራል» አለቻት።

«ምን አልሽ?»

«የወንዴል እጅ። ሊሮጡ ሲሉ ይጫናል፣ ሊወረውሩ ሲሉ ይላላል። እኔ ካየሁት ሌላም ያየዋል። ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው።»

ሎሪን ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ አረንጓዴ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! ቅዳሜም ስጮህ ነው የምውለው።»

«ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ለቡፎርድ ብነግረው ልጅሽን የሸጥሁት መሰለኝ። ዝም ልበል ብልም ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ሂጂ፤ መረቄ ያርርብኛል።»

ቅዳሜ ሬይ ወደ ወንዝ ወረደ። ኢሞጂን አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። በመጀመሪያው ኳስ የወንዴል ክንድ እንደ ምሰሶ ደረቀ። ሊሮጡ ነው አለች በልቧ። ወረወሩ! ቀጥሎ ክንዱ ላላ፤ ሮጡ። ኢሞጂን አፏን በእጇ ያዘች። ልጁ እጁን ዝም ማሰኘት አልበቃው ብሎ ውሸት አስተምሮታል። ከዚያ በኋላም አንዴ እውነት፣ አንዴ ውሸት እያቀላቀለ ቀጠለ።

አረንጓዴዎቹ ግን በደንብ ተጫወቱ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሃያ ለአሥራ ሰባት ይመሩ ነበር። ከዚያ የወንዴል ክንድ ደረቀ፣ የአረንጓዴዎቹ ተከላካዮች ሁሉ ሩጫውን ሊያቆሙ ወደ ፊት ተግተለተሉ፣ ኳሷም በራሳቸው ላይ በርራ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ቀይ ልጅ ደረሰች። ሰባት ነጥብ ተቆጠረ፤ ሃያ አራት ለሃያ። አሥረኛ ዓመት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ ልትል ጀመረችና ምን እንዳጠፋች መናገር አቃታት። ሬይ ሲመለስ አንድ ዓሣ ይዞ ነበር። ፊቷን አየና ምንም ሳይጠይቃት ዓሣውን ራሱ ጠበሰው።

ሰኞ ጠዋት ከርቲስ ቀይ ከረባት አስሮ መጣ። ቡፎርድ ግን ለቀልዱ ቦታ አልነበረውም።

«ጉዱን ስሙ» አለ። «የልጄ ባል ነው የነገረኝ። የዚያ የሎሪን ልጅ እጅ እንደሚያሳብቅ የእኛዎቹ በፊልም አይተውታል። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲለማመዱ ነው የከረሙት። እጁ ከደረቀ ሩጫ ነው፣ ወደ ፊት ተብለዋል። ቅዳሜ ልጁ ገለበጠባቸው! ማን እንደነገረው እግዚአብሔር ይወቅ።»

ኢሞጂን የቡናውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ይህን አሰበች፤ ለቅጽበት ወደደችውም።

«እኔ ነኝ የነገርሁት» አለች።

ከርቲስ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ቡፎርድ በመጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

«ምንድን ነው ያልሽው፣ ኢሞጂን?» አለ ዳልተን።

«ከካሴት ላይ አየሁት። ለእናቱ ነገርኋት።»

«አሥር ዓመት!» ዳልተን ተነሣ። «አሥር ዓመት ሙሉ... በእጅሽ ይዘሽ... ለቀይ!»

«ለሎሪን ነው» አለች ኢሞጂን። «አጥፍቼ እንደሆነ ፈጣሪ ይፍረድ። ለእናንተ መዋሸት ግን አልችልም።»

ዳልተን ኮፍያውን ደፍቶ ዳቦውን ሳይጨርስ ወጣ። ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም ቀረ። ቡፎርድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። ከርቲስ በእሷ ፊት ስለ ኳስ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እንደ ሐዘንተኛ ቀስ ብሎ ነው የሚያናግራት፤ ይህ ደግሞ ከስድብ በላይ አቃጠላት። ሎሪን እሑድ መዝሙር ሲጀመር እጇን ጨብጣ ሳትለቅ ዘምራለች። ወንዴል ቦታው ጸንቶለታል። ኢሞጂን ይህን ስታስብ ደስ ይላታል፤ ሃያ አራት ለሃያ ትዝ ሲላት ደግሞ ያንገበግባታል። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ሐሙስ ዳልተን መጣ። ከጠረጴዛው አልተቀመጠም፤ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዶ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ወለሉን ያያል።

«ያ ካሴት» አለ። «የእኛን ልጆችም አይተሻል?»

«የእኛን ሳይ ስጮህ ነው የምውለው። እጅ አላይም።»

«እስቲ እዪ። የእኛም እጃቸው የሚያሳብቅ እንደሆነስ?»

«ካየሁ ለማን ልንገር?»

«ለእኛ ነዋ!» አለ ዳልተን፣ ቀና ብሎ። «ለእኛ ብቻ!»

«ካየሁማ፣» አለች ኢሞጂን ትኩሱን ዳቦ ወደ ሳህኑ እያወጣች፣ «ለልጁ እናት ነው የምነግራት።»

ከዳልተን ኋላ ቡፎርድ በሳቅ ፈነዳ። ዳልተን ሳህኑን ተቀበለ፣ አየው፣ መልሶም ወደ መስኮቱ ገፋው።

«እሺ፣ መረቅ ጨምሪበት» አለ።