ስትጫን የምትጮኸው መኪና

በደባርቅ የጨርቅ ነጋዴ የነበሩት አቶ ያርጋል ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ መኪና፣ ከሆዷ ሥር «ቋ፣ ቋ» ማለት የጀመረችው በክፉ ቀን ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ሆዳቸውን በጽኑ ታመው፣ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ሲጓዙ ገና ዳባት አልደረሱም ነበር። የደባርቁ ብቸኛ መካኒክ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ የመኪናን ደዌ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። አቶ ያርጋልም መንዳት እንጂ መጠገን አልተማሩም።

ገብስ የጫኑ በቅሎዎቹን ወደ ዳባት ገበያ ይነዳ የነበረ ሻረው የተባለ፣ ጊች ከሚባለው የደጋ መንደር የመጣ ሰው፣ መኪናዪቱ እየጮኸች መንገድ ዳር ስትቆም ቀርቦ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ በቅሎ ስታነክስ ሸክሟ ካልወረደ የታመመው እግሯ አይታወቅም። ያራግፏት» አላቸው።

ምክሩ የአገሩ ወግ ነበርና፣ አቶ ያርጋል ባለቤታቸውን ደግፈው አወረዱ፤ ድንጋይ ላይም ጋቢ አንጥፈው አስቀመጧቸው። ሻረው ጆሮውን ሰጥቶ በጎን እየሮጠ ሲከተል፣ መኪናዪቱ ያለ አንዳች ድምፅ ሄዳ ተመለሰች።

«ድናለች!» አለ ሻረው።

ወይዘሮ አገርነሽ በተሳፈሩ ጊዜ ግን ጩኸቱ ብሶ ተመለሰ። ደግመው አወረዷቸው፤ ዝም አለች። አሳፈሯቸው፤ ጮኸች።

«ምነው አንቱ፣ ስታወጡኝ ስታወርዱኝ ልትገድሉኝ ነው?» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ተዉአት ትጩህ። እኔስ እየጮኽሁ አይደል የምሄደው?»

ሻረው «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ወደ በቅሎዎቹ ተመለሰ። አቶ ያርጋል መሪያቸውን ጨብጠው መንገዱን ቀጠሉ፤ ከሁለቱ ጩኸት የትኛው ቀድሞ ዝም እንደሚል እየፈሩ።